ማንም ያልገባበት ክፍለ ጊዜ

«እሺ፣ ከሚስማሩና ከጣሳው የትኛው ይሰምጣል?» ብላ ጠየቀች።

እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ገባኝ» አለቻት።

«እማ፣ ጥያቄ ነው እኮ የጠየቅኩሽ። ለጥያቄ ገባኝ አይባልም።»

«እንግዲያው ሚስማሩ።»

«ለምን?»

«አሁን ስትጥይው አይቼዋለሁ እኮ።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። መምህርቷ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞልታ በእናቷ የስፌት ክፍል መሀል አስቀምጣ በማግስቱ የምታስተምረውን ትለማመዳለች። ሚስማሩ ወደ ታች ወርዷል። ባዶው የቲማቲም ጣሳ ከላይ ይንሳፈፋል። ሁለቱም ብረት ናቸው፤ ጣሳው እንዲያውም ይከብዳል። ታዲያ አንዱ ሰምጦ ሌላው ለምን ተንሳፈፈ? ትምህርቱ ይኸው ነው፤ የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ። ባለፈው ሳምንት ለሰባተኛ ሀ፣ ለሰባተኛ ለ እና ለሰባተኛ ሐ አስተምራዋለች። የቀሩት ሰባተኛ መ ብቻ ናቸው፤ ተራቸው ነገ ጠዋት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ነገ ግን ምክትል ርዕሰ መምህሯ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊያይዋት ነው።

የአንድ ጀማሪ መምህር ነገር የሚለየው በዚህ ምልከታ ነበር። ያለፈ ቋሚ ሆኖ ባለበት ይቀጥላል። ያላለፈ፣ መምህር ወደ ጠፋበት ሩቅ ትምህርት ቤት ይላካል። የእናቷ ዓይን ደግሞ ከደከመ ቆይቷል። እጇ ጨርቅ ላይ አይስትም፤ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ግን አቅቷታል። ስለዚህ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት በየቀለሙ ክር እያስገባች የቀኑን መርፌዎች ሁሉ ትንሿ የጨርቅ ትራስ ላይ ትሰካላታለች። ሩቅ ብትላክ ይህን ማን ይሠራል የሚለውን ጥያቄ ሁለቱም በልባቸው ይዘውታል፤ አንዳቸውም አንስተውት አያውቁም።

«ደግሞ አትንቀጥቀጪ» አለቻት እናቷ። «ጣሳው አንቺን አይቶ ነው የሚወዛወዘው።»

ከስፌት መኪናው በላይ የምርቃቷ ፎቶ ተሰቅሏል። ጥቁር ካባ የለበሰችው ልጅ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ምን እንዳሳቃት አሁን አታስታውሰውም። የምታስታውሰው ከምርቃቱ በፊት የነበረውን ምሽት ነው፤ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ባዶው አልጋ ላይ ተቀምጠው ሳለ የዶርም ጓደኛዋ «በቃ፣ ከእንግዲህ ማንም አይፈትነንም» ብላት ነበር። አምናታለች። ኮሌጁ ሲያልቅ ፍርሃቱም አብሮ የሚያልቅ መስሏት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስትገባ ግን እግሯ ሳታዝዘው ወደ ሦስተኛው ረድፍ አዘነበለ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀመጥበት ወደኖረው ቦታ። አንድ ልጅ ጠጋ ብሎላት ነበር። ያን ጊዜ ነው መቀመጫዋ እዚያ እንዳልሆነ ትዝ ያላት።

ኮሌጅ ውስጥ ማስተማር ሲለማመዱ ተማሪ ሆነው የሚቀመጡት የራሷ ጓደኞች ነበሩ። የሚጠየቁትን ሁሉ ያውቁታል። ማን ቀድሞ እጁን እንደሚያወጣ፣ ማን ትንሽ ተሳስቶ እንደሚታረም አስቀድመው ተነጋግረው ነው የሚገቡት። አንድ ጊዜ እንዲሳሳት የተመደበው ልጅ ረስቶ ትክክለኛውን መለሰና ዝግጅቷ ሁሉ ገደል ገባ፤ የምታርመው ነገር አጥታ ተማሪዎቿን ስታይ እነሱም ሲያይዋት ቆዩ። የማስተማር ዘዴ መምህራቸው አይቆጡም ነበር። «ከፈራችሁ» ይሏቸው ነበር፣ «ከጭንቅላታቸው በላይ ያለውን የኋላውን ግድግዳ እዩ። እያንዳንዱ ልጅ እኔን ነው የምታየው ይላል።»

ከአራት ዓመት ትምህርት ውስጥ በየቀኑ የሠራላት ይህ ምክር ነበር። ግድግዳ ታያለች። ሰባተኛ ሀ ካርታ ያለበት ግድግዳ ነው። ለ ስንጥቅ አለው። ሐ የተሰበረ መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኗል። መ ደግሞ ጥግ ላይ ውሃ የበላው፣ ቢጫ ቀለም ያለው ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲህ ያለው፣ ጸጉሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ ጫጫታው፣ ለእሷ በአራቱም ክፍል አንድ ዓይነት ነበር።

ዓርብ በነበረው የመምህራን ስብሰባ ምክትሏ ብዙ ነገር ተናግረው ነበር። እሷ ግን «ሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አንቺ ጋ እገባለሁ» ካሏት በኋላ የተባለውን አልሰማችም። ፊታቸውን እያየች፣ ራሷን እየነቀነቀች፣ ስለ ሳፋው ታስብ ነበር።

ሰኞ ሁለተኛው ደወል ሲደወል ሳፋውን አቅፋ፣ ጣሳውንና ሚስማሩን በጋዋኗ ኪስ ከታ ከመምህራን ክፍል ወጣች። ምክትሏ ከኋላዋ ይከተሏታል። ጫማቸው ይሰማታል። የሰባተኛ መን በር ከፈተች፤ ልጆቹ ተነሡ፤ ቢጫው ግድግዳ በቦታው አለ። ምክትሏ አልፈዋት ሄደው እዚያው ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። አሁን ግድግዳውን ስታይ እሳቸውን ላለማየት ዓይኗን ጣሪያው ጋ ማድረስ ነበረባት።

ሳፋውን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ሚስማሩንና ጣሳውን ወደ ላይ ያዘች።

«ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ይሰምጣል?»

ክፍሉ እጅ በእጅ ሆነ። በሌሎቹ ክፍሎች እንዲህ አልነበረም፤ እዚያ ወይ ዝም ብለው ነበር ወይ «ጣሳው» ብለው ጮኸው ነበር። እዚህ ግን አንዷ ልጅ ተነሥታ ሚስማሩ እንደሚሰምጥ ተናገረች። ሌላው ምክንያቱን ጨመረ፤ ጣሳው በሆዱ አየር ስለያዘ ቦታ ይይዛል፣ ብዙ ውሃ ይገፋል። አንድ ረጅም ልጅ ብቻ ጣሳው ስለሚያብረቀርቅ ነው አለ። ጓደኞቹ አረሙት፤ እሱም ፈጥኖ አመነ። መምህርቷ ጆሮዋን ማመን አቃታት። የጠየቀችበት መንገድ ይሆን? እሁድ ዕለት እናቷ ላይ መለማመዷ ይሆን?

መሀል ላይ በሩ ገርበብ አለና አንድ ነጭ ጸጉር ያለው ጭንቅላት ብቅ አለ። ተማሪዎች አባ ደወል የሚሏቸው የታሪክ መምህሩ ናቸው፤ ደወል ሳይደወል ቦርሳቸውን ስለሚዘጉ ነው ስሙ የወጣላቸው። እሷን አዩ፣ ምክትሏን አዩ፣ በትሕትና እጅ ነሡና በሩን መልሰው ዘጉ።

ከክፍል ሲወጡ ምክትሏ ኮሪደሩ ላይ አስቆሟት። ፈገግ ማለት የማያውቁ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን ግን ለፈገግታ የቀረበ ነገር ፊታቸው ላይ ነበር።

«ሐን እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም» አሉ። «ምን አደረግሻቸው?»

መ ለማለት ነው፣ አለች በልቧ። ምክትል ርዕሰ መምህር አይታረምም። «እኔንጃ» አለች።

«ደህና ነው። በጣም ደህና ነው። ለቦርዱ ስምሽን አስተላልፋለሁ።»

መጸዳጃ ቤት ገብታ እናቷ ጋ ደወለች። «ራሳቸው ደህና ነው አሉኝ» አለቻት።

በምሳ ሰዓት የመምህራን ክፍል ሞልቶ ነበር። ሻይ ቀድታ ለመቀመጥ ጎንበስ እንዳለች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ተቆጥታ ገባች።

«ሰባተኛ መን እኔ ጋ መላክ ደህና ነው። ግን መምህር አብሮ ይላክልኝ እንጂ» አለች። «ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ማንም የለ። አንዱ አንዱን ሲገፋ መደርደሪያ ጣሉብኝ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ምክትሏ። «የክፍል አለቃቸውን ጠርቼ አናግሬያለሁ። ሳይንስ ነበረን፣ ቲቸር አልመጣችም ትለኛለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። የሳይንስ መምህሯ እኮ እዚያ ሰዓት ላይ ዓይኔ ሥር ሐን እያስተማረች ነበር። ነገ አባትሽን ይዘሽ ነይ ብያታለሁ። ጥፋቱስ ይሁን፣ ውሸቱን ግን አልወደድኩትም።»

«መ አይደሉ?» አለ የስፖርት መምህሩ። «ተዉአቸው፣ ድንጋይ ናቸው።»

ጥቂቶች ሳቁ። መምህርቷም ሻይ ብርጭቆውን እንደያዘች ከንፈሯ እንደመሳቅ አለ። ከዚያ ቀዘቀዘች። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ። መ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ሐ ዓይኔ ሥር። ብርጭቆውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ወጥታ ወደ ሐ ክፍል ሄደች።

የሐ ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ተማሪ የለም፤ መሰላል አለ፣ የመስታወት ሠራተኛ አለ፣ ካርቶኑ መሬት ላይ ተጥሏል። «ልጆቹስ?» አለችው።

«ዛሬ ጠዋት ነው ያወጧቸው። የዚህኞቹ ብዙ ስለሆኑ ቀጥሎ ያለው መ ክፍል ገቡ፤ የመዎቹ ቤተ መጻሕፍት ገቡ» አለ ሰውየው ከመሰላሉ ላይ። «አልተነገራችሁም እንዴ?»

ተነግሯቸዋል። ዓርብ ዕለት፣ ስለ ሳፋው ስታስብ።

የሐን አለቃ ቧንቧው ጋ አገኘችው፤ የሰሌዳ መጥረጊያ እያጠበ ነበር። ጠዋት ጣሳው ስለሚያብረቀርቅ ነው ያለው ያ ረጅም ልጅ ነው። አሁን ፊቱን ስታየው ባለፈው ሳምንትም እንዳየችው አወቀች። እያየችው አላየችውም ነበር።

«እናንተ ይህን ትምህርት ተምራችሁት ነበር» አለችው።

«አዎ ቲቸር። ረቡዕ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ልጁ መጥረጊያውን ጨመቀ። «ምክትሏ ነበሩዋ። እርስዎ እንዳያፍሩ ብለን ነው።» ቀና ብሎ አያት። «አሪፍ አልመለስንም እንዴ?»

«አሪፍ መልሳችኋል።»

«እኔማ ሆን ብዬ ነው የተሳሳትኩት» አለ። «ሁሉም ልክ ከሆነ ይነቃል ብዬ።»

ኮሌጅ ውስጥ ለዚህ ሚና ሰው መርጠው ነበር የሚመድቡት። ይህ ልጅ ማንም ሳይመድበው ገብቶታል። ልታመሰግነው ወይስ ልትቆጣው እንደሚገባት ሳታውቅ ሄደች።

አባ ደወል ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ፈተና ያርማሉ። ነገሩን ስትነግራቸው ቀይ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ክፍለ ጊዜው የእኔ ነበር» አሉ። «በሩን ከፍቼ አየሁ። ምክትሏ ተቀምጣለች፣ አንቺ ታስተምሪያለሽ። ፕሮግራም ቀይረዋል አልኩና ሻዬን ልጠጣ ሄድኩ። ማን ይጠላል?»

«ምን ላድርግ ጋሼ?»

«ምንም።»

«ልጅቷስ? ውሸታም ተብላለች እኮ። ነገ አባቷ ይመጣል።»

«ይመጣል፣ ትቆጣቸዋለች፣ ልጅቷ ትንሽ ታለቅሳለች፣ ይሄዳሉ። ልጅ አይደለች፣ ሳምንት ሳይሞላት ትረሳዋለች። አንቺ ግን ሄደሽ ብትናገሪ ምክትሏ የምትረሳልሽ ይመስልሻል? የሄድሽበት ቦታ ሁሉ ይከተልሻል። ሻይ ስጠጣ የነበርኩትን እኔንም ትጨምሪኛለሽ።»

«የእርስዎን አልናገርም።»

«እሱን እንኳ ለምጄዋለሁ» አሉ።

«እርስዎ ጀማሪ ሆነው እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሞዎት ያውቃል?»

አሰቡ። ከልባቸው ነበር ያሰቡት። «ገጥሞኝም ቢሆን አላስታውሰውም» አሉ በመጨረሻ። «የምልሽም እሱን ነው።» ቦርሳቸውን ዘጉ። ወዲያው ደወሉ ተደወለ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምክትሏን ኮሪደር ላይ ሁለቴ አገኘቻቸው። ሁለቴም አፏን ከፈተች። መጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር ነበሩ። በሁለተኛው ብቻቸውን ነበሩ፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገውላት ሲያልፉ «ደህና ዋሉ» ከማለት ሌላ አልወጣላትም። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ታውቃለች። አንዴ ቀና ብለው ቢያዩት፣ ሰኞ ሁለተኛው ላይ ሳይንስ ከማን ጋር እንደሆነ ያነብቡታል። እንዲያነቡት ፈለገች። እንዳያነቡትም ፈለገች።

እናቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ነግሬያቸዋለሁ» አለች።

«ለማን?»

«ለሁሉም። ልጄ አለፈች አልኩ። የሸሚዙን ቁልፍ ሊያስቀይር ለመጣው ሰውዬ ሳይቀር።»

«እማ፣ ገና እኮ አልጸደቀም።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ራሳቸው ደህና ነው አሉኝ ያልሽኝ?»

ጋዋኗን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችው። እናቷ አነሣችውና እጅጌውን እያየች አስተካክላ ሰቀለችው፤ ራሷ የሰፋችው ነው። ከዚያ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን የቀረው መርፌው ላይ ብቻ ነበር።

«አንዲት ልጅ ባላጠፋችው ልትቀጣ ነው» አለች መምህርቷ።

«የማን ልጅ?»

«አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነው አሉ።»

«ያጠፋው ማነው?»

የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ክፍል ተሳስቼ ገባሁ። ልጆቹ ብቻቸውን ዋሉ። አልመጣችም ብላ ብትናገር አላመኗትም።»

«ብትናገሪ ያባርሩሻል?»

«አያባርሩኝም። ሊያዛውሩኝ ይችላሉ።»

እናቷ የመኪናውን መዘውር በእጇ ይዛ ወደፊትም ወደኋላም ሳታዞረው ቆየች። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጣች፤ አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው።

«በይ መርፌውን ዛሬውኑ ክር አስገቢልኝ» አለች። «ነገ ጠዋት ልብሽ አይረጋም።»

ትራሷን በመርፌ ሞላቻት። እናቷ ይበቃል አላለችም።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ የሾፌር ዩኒፎርም የለበሰ ሰውዬ ቆሞ ነበር። አጠገቡ አንዲት ቀጭን ልጅ በጫማዋ አፍንጫ መሬቱን ትጭራለች። መምህርቷ ፍጥነቷን ጨምራ ልታልፍ ስትል ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ «እንደምን አደሩ» አላት። ለማንኛዋም ጋዋን ለለበሰች ሴት የሚሰጥ ሰላምታ ነበር። ልጅቷ ቀና አለችና አየቻት። መምህርቷ እጅ ነሥታ አለፈች።

የመምህራን ክፍል ገባች። ጠመኔ ወሰደች። መልሳ አስቀመጠችው። በመስኮቱ አባትና ልጅ ግቢውን ሲያቋርጡ ይታዩ ነበር። ሰውየው የምክትሏ ቢሮ በር ጋ ሲደርስ ቆመና ጸጉሩን በመዳፉ ወደ ኋላ አስተኛ፤ የልጁንም የአንገት ልብስ አስተካከለ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ አንኳኳ። መምህርቷ የዚህን ሰውዬ ልጅ ድምፅ ሰምታ እንደማታውቅ ትዝ አላት። ወጣች። ግቢው መሀል ስትደርስ መመለስ አማራት፤ ግን መራመዷን አላቆመችም።

የቢሮው በር ክፍት ነበር።

«ቤት ውስጥ ውሸት አታውቅም» ይላል ሰውየው። «ግን እርስዎ ካሉ እንግዲህ፣ አንድ ነገር ቢያዩ ነው። ይቅርታ ጠይቂ በይ።»

«አልዋሸሁም» አለች ልጅቷ።

«ጠይቂ አልኩሽ። አውቶቡሱን ለሰው ሰጥቼ ነው የመጣሁት።»

«አልዋሸችም» አለች መምህርቷ።

ሦስቱም ዞሩ። እዚያ ድረስ ያለውን አዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጠፋባት። «የእነሱ ክፍለ ጊዜ ነበር» አለች። «ክፍል መቀያየራቸውን አልሰማሁም። ተሳስቼ ሐ ጋ ገባሁ። እሷ ያለችው እውነት ነው። እኔን ሲጠብቁ ነው የዋሉት።»

ምክትሏ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ድልድል ዞረው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ሐዎች ያን ሁሉ የመለሱትስ?»

«ባለፈው ሳምንት አስተምሬያቸው ነበር። ለዚያ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም እኮ እዚያው ተቀምጬ ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ተነሥተው ለሰውየው እጃቸውን ዘረጉ። «ከሥራዎ አስቀርቻለሁ። ልጅዎ አላጠፋችም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሰውየው እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ምን እንደሚል አላወቀም። «አይ፣ ምንም አይደል» አለና ኮፍያውን አደረገ፤ ልጁን ግን አላያትም፣ አሁን ይቅርታ የመጠየቅ ተራው የእሱ ነበርና። በሩ ጋ ሲደርስ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። መምህርቷ «ይቅርታ» አለቻት፤ ልጅቷ «እሺ» ብላ አልፋት ወጣች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉ ምክትሏ በሩ ሲዘጋ።

«ትናንት በምሳ ሰዓት።»

«በምሳ ሰዓት አጠገብሽ ነበርኩ።»

«አዎ።»

«ከሰዓትም አግኝቼሻለሁ። ደህና ዋሉ ብለሽኛል።»

«ብያለሁ።»

«ልጅቷ ደግሞ ውሸታም እንደተባለች አደረች።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍ አላለም። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «የትናንቱ ምልከታ የለም። ከመ ጋር ቀጥሎ መቼ ነሽ?»

«ዛሬ። ከእረፍት በኋላ።»

«እገባለሁ።»

ቤተ መጻሕፍቱ ለማስተማር የተሠራ ቦታ አይደለም። ልጆቹ ክብ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ፊታቸውን በየአቅጣጫው አድርገው ተቀምጠዋል፤ የትም ብትዞር የአንዱ ፊት ፊቷ ላይ ነው። ምክትሏ መደርደሪያዎቹ መሀል ወንበር አድርገዋል። ሳፋውን ስታስቀምጥ ውሃው ፈሰሰና የአንዲት ልጅ መጽሐፍ ነካ። የሾፌሩ ልጅ፣ የአለቃዋ ነበር። ልጅቷ መጽሐፉን አንሥታ በዩኒፎርሟ ጠረገችው።

«ከእነዚህ የትኛው ይሰምጣል?» አለች መምህርቷ።

ማንም እጁን አላወጣም። በመጨረሻ አንዱ «ጣሳው» አለ። ሌሎቹም «ጣሳው፣ ጣሳው» አሉ። አስቀመጠችው፤ ተንሳፈፈ። ሚስማሩን ጣለችው፤ ሰመጠ።

«ለምን?»

«ጣሳው ስለተቀባ ነው» አለች አንዲት ልጅ።

«ሚስማሩ ሹል ነው» አለ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ወፍራም ልጅ። «ውሃውን ይበሳዋል።»

ለዚህኛው መልስ አላዘጋጀችም ነበር። ኮሌጅ ውስጥ ማንም እንዲህ አላላትም። ሚስማሩን አውጥታ በጎኑ አጋድማ ለቀቀችው፤ ሰመጠ። «ይኸው፣ በጎኑም ሰመጠ።»

«በጎኑም ቀጭን ነው» አለ ልጁ። «ቢላዋም በጎኑ ይቆርጣል።»

«ቢላዋ በጎኑ አይቆርጥም፣ አንተ» አለው ጓደኛው።

«እኛ ቤት ያለው ይቆርጣል።»

ክፍሉ ሳቀ፤ ከዚያ በየጠረጴዛው ክርክር ሆነ። መምህርቷ ወደ ምክትሏ ላለማየት ታገለች። ዝም በሉ ልትል ስትል ሌላ ነገር መጣላት። ጣሳውን ከውሃው አንሥታ መሬት ላይ አደረገችውና በጫማዋ ረገጠችው። በሁለተኛው ርግጫ ተጨፈለቀ። ሁሉም ተነሥተው ነበር።

«ብረቱ ያው ብረት ነው። አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም። አሁንስ?»

«ይሰምጣል» አለ አንዱ።

«አይሰምጥም፣ አሁንም የተቀባ ነው።»

አስቀመጠችው። ጣሳው ወደ አንድ ጎን ተጋደመና ተንሳፈፈ። በደንብ አልተጨፈለቀም ነበር። «አይሰምጥም ብያለሁ» አለች ስለ ቀለሙ የተናገረችው ልጅ፤ ጀርባዋን የሚመቷት በዙ። መምህርቷ ጣሳውን እንዳታነሣው ራሷን ያዘች።

«አረፋ እያወጣ ነው» አለ አንድ ድምፅ።

አለቃዋ ነበረች። ተነሥታ አልቆመችም፤ አገጯን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አድርጋ በውሃው ልክ ታያለች።

«ከየት ነው የሚወጣው?» አለቻት መምህርቷ።

«ከታጠፈበት።»

«ምንድን ነው የሚወጣው?»

ልጅቷ ጣቷን ወደ አረፋው አስጠጋች። ልትመልስ ፈልጋ ነው ወይስ ላለመመለስ፣ አያስታውቅም ነበር። ደወሉ ተደወለ። ግማሾቹ ቦርሳቸውን አንሥተው ተሯሯጡ፤ የቢላዋው ልጅ በሩ ጋም እየተከራከረ ነው። ጣሳው አሁንም አልሰመጠም።

ምክትሏ ወደ በሩ ሲሄዱ አጠገቧ ቆሙ።

«አልጨረስሽም።»

«አልጨረስኩም።»

«ትናንት ጨርሰሽ ነበር» አሉ። ቀልድ እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አየች፤ ቀልድ አልነበረበትም። «ስምሽን አሁን አላስተላልፍም። እስከ መንፈቁ ባለሽበት ትቆያለሽ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እገባለሁ። የቱን ቀን እንደሆነ አልነግርሽም።»

«እሺ።»

«ጣሳ ስትረግጪ ደግሞ እግርሽን ተጠንቀቂ። ጠርዙ ይቆርጣል።»

ሄዱ። እስከ መንፈቁ፣ አለች በልቧ። የትኛውም ቀን፣ የትኛውም ክፍለ ጊዜ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር። ለእናቷ አለፍኩም አትልም፣ ወደቅኩም አትልም። ቁልፍ ሊያስቀይር የመጣው ሰውዬ ሳይቀር ሊጠይቅ ነው። እጇን ሳፋው ውስጥ አስገብታ ጣሳውን አወጣችና አራገፈችው።

አለቃዋ የረጠበውን መጽሐፍ ገልብጣ እያናፈሰች ገና አልሄደችም።

«ቲቸር፣ ሐሙስ ሳይንስ አለን» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«መስኮቱ እስኪያልቅ እዚሁ ነን። ቤተ መጻሕፍት።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

«እሺ።» ልጅቷ መጽሐፉን ብብቷ ሥር ከታ ወጣች። ከበሩ ውጭ ሆና አንገቷን መልሳ አስገባች። «ላስታውስዎ ብዬ ነው» አለች፤ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፣ ቁጣም ሳቅም።